ሰንጢው ሳይዘረጋ

ማታ ሲግናል ላይ ከታክሲ ወርዶ ወደ ውስጥ ሰፈር የሚገባ ወጣት ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ቢራመድ ሁልጊዜ በርዶት ነው ማለት አይደለም። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ብርድ አለው፤ እውነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ ጣቶቹ የያዙት ሌላ ነገር ነው። ሾላ ገበያም ሆነ መርካቶ ሰንጢ ጠፍቶ አያውቅም። ርካሽ ነው፤ ታጥፎ ከቁልፍ መያዣ ጋር ይቀመጣል፤ እናት ካላገኘችው በቀር ማንም አይጠይቅበትም። «ለመዝረፍ ሳይሆን ራሴን ለመከላከል ነው» ይላል የያዘው ሁሉ። አብዛኛውም እውነቱን ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ጥያቄ የልጁን ቅንነት አይመለከትም። ጥያቄው ያ ሰንጢ በሚፈለግበት ሰዓት ይከፈታል ወይ የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ደግሞ ከኪሱ ትንሽ ራቅ ብሎ አያቶች ስለት እንዴት ይይዙ እንደነበር፣ ይህችው ከተማ ራሷ በፍርሃት ስትናጥ ማን እንዴት እንደተረፈ፣ ሕጉስ ስለሚንቀጠቀጥ እጅ ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ግን ቋንቋው ራሱ የሚያውቀውን እንስማው። አዲስ አበባ ጨለማ ለብሶ ለሚዘርፍ ሰው ያወጣችለት ስም «ማጅራት መቺ» ነው። ማጅራት ያለው ከኋላ ነው። ስያሜው የዘረፋውን ዘዴ ከነቦታው ተናግሮታል፤ ተጠቂው ፊት ለፊት አይገጠምም፣ አይፎከርበትም፣ «ያለህን አውጣ» ተብሎ ጊዜ አይሰጠውም። መጀመሪያ የሚሰማው ምቱን ወይም አንገቱን ያነቀውን ክንድ ነው። በኪሱ ሰንጢ የያዘው ልጅ በሐሳቡ ሲለማመድ የኖረው ግን ሌላ ትዕይንት ነው። በእሱ ሐሳብ ውስጥ ዘራፊው ከፊቱ ቆሟል፤ በመካከላቸው ሦስት አራት እርምጃ አለ፤ ሰንጢው «ቀጭ» ብሎ ሲከፈት ሌባው ይሸሻል። ፊልም ላይ እንዲህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አማርኛ «ጎራዴ መዘዘ» ይላል። በዚያው ልማድ «ሰንጢ መዘዘ» ይባላል። ግሱ ከጎራዴ የተወረሰ ስለሆነ አንድ ትልቅ ነገር ይደብቃል። ጎራዴ ከአፎቱ ሲወጣ ሥራው አልቋል፤ ስለቱ ውጭ ነው። ሰንጢ ከኪስ ሲወጣ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። እጅ ከጃኬት ሥር ይገባል፤ ከቁልፍና ከሳንቲም መካከል ሰንጢውን ይለያል፤ የትኛው ወገን ጀርባው፣ የትኛው ወገን ስለቱ እንደሆነ በመዳሰስ ያውቃል። ከዚያ ያወጣል። ተራው ሰንጢ ስለቱ ላይ ለጥፍር የተበጀች ትንሽ ቦይ ብቻ ስላለችው ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ እጀታውን ይይዛል፣ የሌላው አውራ ጣት ጥፍር ቦዩን ፈልጎ ስለቱን ከጥብቅ ሞላው ጋር እየታገለ ይስባል። ብርቱካን ለመላጥ ይህ ምንም አይደለም። አንገቱን በክንድ ለታነቀ ሰው ግን ሁለተኛው እጅ ከየት ይመጣል? ያ እጅ ያነቀውን ክንድ ለማላቀቅ እየታገለ ነው።

የሰው ገላ በድንጋጤ ጊዜ የሚሆነውን አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አስረድቷል። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይደልቃል፣ ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሮጣል። ገላው የሚዘጋጀው ለመታገል ወይም ለመሸሽ ነው። ጭኑና ትከሻው ጉልበት ያገኛሉ፤ ጣቶች ግን ይቀዘቅዛሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ስስ ሥራ እምቢ ይላሉ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለማወቅ ካነንን መጠበቅ አላስፈለገውም። «እጄ ከዳኝ»፣ «ጉልበቴ ራደ»፣ «ሐሞቴ ፈሰሰ» ይላል። ድንጋጤ ላይ ሰው የራሱን በር ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ያቅተዋል። የሰንጢ አከፋፈት ደግሞ ከቁልፍ የባሰ ስስ ሥራ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሶልት ሌክ ሲቲ የፖሊስ ሳጅን የነበረው ዴኒስ ቱለር አንድ ቀላል ሙከራ አሳተመ። ቢላ የያዘ ሰው ወደ ፖሊስ ቢሮጥ ፖሊሱ ሽጉጡን ከማኅደሩ አውጥቶ እስኪተኩስ ምን ያህል መንገድ ይጨርሳል? መልሱ 21 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ከ40 ያህል ነበር፤ ጊዜውም አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ። ሙከራው ከጊዜ በኋላ ብዙ ክርክር አስነስቷል፤ «የ21 ጫማ ሕግ» እየተባለ ከታሰበለት በላይም ተለጥጧል። ዋናው ነገር ግን አልተናጋም። ያ ሰው የሠለጠነ ነው፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው፣ አጥቂውን ከፊቱ ያየዋል፣ እንደሚመጣበትም ያውቃል። ማጅራት መቺ ግን ሥራውን የሚጀምረው ከስድስት ሜትር አይደለም። ከአንድ ክንድ ነው።

ታዲያ አያቶችስ ስለት ይዘው አልነበረም ወይ የሚል ይኖራል። ይዘው ነበር። የያዙበት መንገድ ግን ሌላ ነው።

ሾተልን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተውለው ጉብጠቱን ነው፤ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ በሁለት በኩል የተሳለ፣ የጋሻውን ጠርዝ አልፎ ባላጋራን ከጀርባ ለማግኘት የተበጀ። ወደ አገሩ የመጡ አውሮፓውያን ግን ሌላም ነገር አስደንቋቸው ጽፈዋል፤ ኢትዮጵያዊ ተዋጊ ጎራዴውን የሚታጠቀው እንደ እነሱ በግራ ሳይሆን በቀኝ ጎኑ ነበር። ለእነሱ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ለታጣቂው ግን ምክንያት ነበረው። ግራ ክንዱ ጋሻ ይዟል፤ ቀኝ እጁ በጋሻው ፊት ተሻግሮ ከግራ ጎን ስለት ለመሳብ ቢሞክር ሁለቱም ይጠላለፋሉ። በቀኝ ከሆነ ግን እጅ ወደ ታች ይወርዳል፣ እጀታውን ይጨብጣል፣ ይስባል። ጎራዴው ከኋላ ኩታውን እንደ ጅራት ቀና ያደርገው ነበርና ለዓይን ላያምር ይችላል። እጅ ግን በጨለማም አይስተውም። የአፋሩ ጊሌም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ ወገብ ላይ፣ ሁልጊዜ ከፊት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ። ገጠር ውስጥ ትከሻ ላይ ስለሚጋደመው ዱላ ደግሞ ምን ይባላል? ዱላ አይታጠፍም፣ አፎት የለውም፣ አይከፈትም። ሰውዬው ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ በእጁ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ለሚንቀጠቀጥ እጅ የተሠሩ ናቸው። ማጠፊያ የላቸውም፤ ምስጢርም የላቸውም። ሰውዬው የታጠቀ መሆኑን መንገደኛው ሁሉ ከሩቅ ያያል፤ ግማሹ መከላከያም እሱ ነበር። ሌላው ግማሽ ልምምድ ነው። ጃንሜዳ ላይ በፈረስ የሚካሄደው ጉግስ ዛሬ እንደ በዓል ማድመቂያ ይታያል እንጂ በመነሻው የጦር ትምህርት ቤት ነበር፤ ጋሻ፣ በጦር ፈንታ ዘንግ፣ የሚጋልብ ፈረስ፣ ከኋላ የሚያሳድድ ባላጋራ። ፉከራውና ሽለላውም ቢሆን ሰውዬው ሐሞቱ እንዳይፈስ አስቀድሞ የሚኮተኩትበት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የትልቅ ሰው ዋነኛ መከላከያ ስለቱ አልነበረም፤ ሰው ነበር። «ጋሻ ጃግሬ» የሚለው ቃል ዛሬ ስድብ መሰለ እንጂ የጌታውን ጋሻ ተሸክሞ ከጎኑ የሚሄድ ታማኝ ማለት ነው። ብቻውን የሚሄድ መኳንንት አይታሰብም።

ታጣፊ ቢላ በዓለም ላይ እንዴት እንደተስፋፋ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሮማውያን ጭምር ነበራቸው፤ ግን ለማዕድ። በሳቮይ የተወለደው ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው የእንጨት እጀታ ያለው ቢላ የገበሬ ቢላ ነው። የስዊስ ጦር በ1891 እ.ኤ.አ. ለወታደሩ ያደለው ታጣፊ ቢላ ለጨበጣ የታሰበ አልነበረም፤ የታሸገ ምግብ እንዲከፍትበትና ጠመንጃውን እንዲፈታበት ነው። ለጨበጣማ ሳንጃ ነበረው፤ ሳንጃ አይታጠፍም። ስፔን ውስጥ ናቫሃ የተባለው ታጣፊ ቢላ የጠብ መሣሪያ እስከመሆን የደረሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ረጃጅም ስለት መታጠቅ ለተራው ሰው ሲከለከል ነው። ማለትም ሰው ወደ ታጣፊው የሄደው የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን የሚደበቅ ስለሆነ ነው። በአንድ እጅ የሚከፈቱት፣ ስለታቸው ላይ ለአውራ ጣት ክብ ቀዳዳ ያላቸው ቢላዎች የመጡት ገና በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ያም ቢሆን መፍትሔው ግማሽ ነው፤ አውራ ጣቱ አሁንም ቀዳዳዋን ማግኘት አለበት።

ርካሹ ሰንጢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙውን ጊዜ መቆለፊያ የለውም፤ ቢኖረውም የላላ ነው። ጠንካራ ነገር ሲነካ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ የሚያገኘው የያዘውን ሰው ጣቶች ነው። እጀታውና ስለቱ መካከልም እጅን የሚያግድ ነገር ስለሌለው በላብ የራሰ መዳፍ ወደ ስለቱ ይንሸራተታል። በሰንጢ የተጣላ ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ እጅ ቆስሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ከመሣሪያው ወደ ሰፈሩ እንመለስ። የካ በታሪኳ ከባድ የፍርሃት ቀናት አሳልፋለች፤ ሁለቱን ማንሳት ይበቃል።

የመጀመሪያው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ከተማዋን ለቀው ወጡ። የጣሊያን ጦር የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በመካከሉ ያሉት ቀናት የማንም አልነበሩም። ከግምጃ ቤት የወጣ ጠመንጃ በየእጁ ገባ፤ ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኮስ ነበር። በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥቂት ነበር ማለት ይቻላል፤ ደህንነት የተሰማው ሰው ግን ከዚያም ያነሰ ነበር። የእንግሊዝ ቀይ መስቀል አምቡላንስ መሪ የነበረው ዶክተር ጆን ሜሊ ሚያዝያ 25 ቀን መንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያነሳ በአንድ ዘራፊ ጥይት ተመታ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ።

ሰው የተረፈው የት ነው? የውጭ አገር ዜጎች ከየሆቴሉና ከየሱቃቸው ወጥተው ቀበና ማዶ ባለው የእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ሕንድ፣ ሌላም ሌላም። ድንኳን ተተከለላቸው። ግቢውን ይጠብቁ የነበሩት ከወራት በፊት ለዚሁ ሥራ የመጡ የሲክ ወታደሮች ናቸው። ለዚያ ሰዓት የታሰበበት ከሰዓቱ በፊት ነበር። በከተማው በሌላ ጫፍ የነበረው የአሜሪካ ለጋሲዮን ግን ተከቦ ሲተኮስበት የቅርብ ጎረቤቱን እርዳታ መጠየቅ አቃተው። ቀጥታ መገናኛ አልነበረማ። ስለዚህ መልእክቱ በሬዲዮ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ከዋሽንግተን ወደ ለንደን፤ ከለንደን ተመልሶ አዲስ አበባ፣ የእንግሊዝ ለጋሲዮን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ለማቋረጥ ሁለት አህጉር ዞረ። «ሲግናል» በሚባል ሰፈር የሚኖር አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ቁም ነገር አለው። እነዚያ ሰዎች ሽጉጥ አላጡም፤ የተጨነቁት «ድረሱልኝ» የሚለው ድምፅ ለሚደርስ ሰው እንዲሰማ ነው።

ሁለተኛው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። የፋሽስት ፓርቲው የከተማዋ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ለሦስት ቀን ያሻቸውን እንዲያደርጉ ፈቀደላቸው፤ ጥቁር ሸሚዞች በየሰፈሩ ገቡ። ሰው በየጎጆው ውስጥ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ሰው እንዳለቀ ገልጿል፤ ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ቁጥሩን ወደ 19 ሺህ ገደማ አድርሶታል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆነው አንድ ነገር ነው። በነዚያ ቀናት ስለት ነበር፤ ብዙ ስለት ነበር። ጩቤ የጥቁር ሸሚዝ ልብስ አካል ነበር፤ ከቀበቶው አይለይም፤ እንደ ሳንጃው አይታጠፍም። ይዞት የወጣው ሰው አልደነገጠም፤ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ወስኗል፣ ጓደኞቹ ከጎኑ ናቸው፣ መኪና አለው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ከወረራው ጀምሮ መሣሪያ እንዲያስረክብ ታዝዞ፣ ደብቆ የተገኘ በሞት እየተቀጣ ከርሟል። ከቤቱ ውስጥ የወጥ ቤት ካራ የሌለው ግን አልነበረም። ካራው አላዳነውም። ስለት ለወሰነና ለቀደመ ሰው ታዛዥ ነው፤ ለደነገጠ ሰው ግን ብዙም አይታዘዝም። ከዚያ እሳት የተረፉ ሰዎች የተረፉት በመሸሽ፣ በመደበቅ፣ አንዳንዴም ደፋር ጎረቤት በሩን ስለከፈተላቸው ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ወጣት የተሳሳተ ነገር ይዞ ስለሚዞር።

ሕግ የፈራን ሰው ማዘን የጀመረው ዛሬ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ሌሊት ቤት ሲሰረስር የተገኘን ሌባ መትቶ የገደለ የደም ዕዳ እንደሌለበት ይናገራል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ዕዳ ይሆንበታል። ሌባው ያው ሌባ ነው። የተለወጠው ብርሃኑ ነው። ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው የመጣበት ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆኑ አያይም፤ በብርሃን ግን ማየት፣ መለየት፣ መጮህ ይችላል።

የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህን ሐሳብ በራሳቸው ቋንቋ ይዘውታል። በአሁኑ ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን መከላከል አያስቀጣም፤ ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ግን ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ በመድረስ ላይ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻልና የመከላከያው አድራጎት ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ስልኩን ነጥቆ እየሮጠ ያለን ልጅ አሳድዶ ጀርባውን የወጋ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች እንዴት እንደሚመልስ ያስብበት። አደጋው አልፏል። ከዚያ በኋላ ያለው በቀል ነው፤ ስለት ደግሞ በሌሎች አንቀጾች ቅጣትን ከሚያከብዱ ነገሮች አንዱ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን አንቀጽ 79 ነው። ከመከላከል ልክ ያለፈ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ልኩን ያለፈው ጥቃቱ ባሳደረበት ይቅር ሊባል በሚገባ ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መነሣሣት ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ሳይቀጣው ሊተወው ይችላል። ይህን አንቀጽ ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ሕጉ ራሱ የደነገጠ ሰው እጁን እንደማያዝ አምኗል። ምን ያህል እንደመታ፣ የት እንደመታ፣ መቼ ማቆም እንደነበረበት እንደማያውቅ አምኗል። ይህን ያመነ ሕግ ምሕረቱን ለፍርድ ቤቱ ሰጠ እንጂ «ስለዚህ ስለት ያዝ» አላለም። ምሕረቱም የሚመጣው ከምርመራ፣ ከእስር፣ ከክስና ከምስክር በኋላ ነው። «አስቦ ነው ወይስ ደንግጦ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ደግሞ ለወራት ኪሱ ውስጥ የኖረው ሰንጢ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

እዚህ ላይ የአሩሲዋን ልጅ ማንሳት ተገቢ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ሳለች በፈረሰኞች ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊዋ ትቶት የሄደውን ጠመንጃ አንሥታ አመለጠች፤ ከበቧት። ወደ ሰማይ ተኮሰች። አልተመለሱም። ሰውዬውን ገደለችው። በመዓዛ አሸናፊ የተመራው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ ነፃ አወጣት። ከዚህ ታሪክ የተነሣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» መባሉ በአጋጣሚ አይደለም፤ ቃሉ ጀግንነቱንም በደሉንም በአንድ ላይ ይሸከማል። ግን የእሷን ጉዳይ ከኪስ ሰንጢ ጋር ማመሳሰል አይቻልም። አደጋው የማያጠራጥር ነበር፤ መውጫ አልነበራትም፤ አስጠነቀቀች፤ በእጇ የያዘችው መሣሪያም ስስ ጣት የሚጠይቅ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ ነፃነቷን ያገኘችው ሁለት ዓመት ያህል ተከራክራ ነው፤ ጠበቆች ባይደርሱላት ኖሮ ምን እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም።

አንድ የቆየ ነገር ይቀራል፤ ጩኸት።

በድሮው ሥርዓት ሰው ሲዘረፍ «እሪ» ይላል፤ የሰማ ሁሉ የመውጣት ግዴታ አለበት። ሌባው ካልታወቀም የአገሩ ሰው በአፈርሳታ፣ አንዳንዱ አውጫጭኝ ይለዋል፣ ይሰበሰባል፤ እስኪታወቅ ሥራውን ፈቶ ይቀመጣል፤ ካልታወቀ ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። አሠራሩ በደል አልነበረውም ማለት አይደለም። ንጹሕ ሰው ለቀናት ሜዳ ላይ ይውል ነበር፤ ቂመኛም ቂሙን ይወጣበት ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው መዘረፉ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን በኪስ ያስታውሳል። ጩኸት ሰምቶ በሩን የዘጋ ሰው ነገ ከኪሱ ይከፍላል።

ከተማው ይህን አፈረሰው። አዲስ አበባ ፒያሳ አጠገብ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አላት፤ ሰዎች ስለ ስሙ የሚሉት በዚያ ሸለቆ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት አልነበረም ነው። ስሙ እውነትም ይሁን የኋላ ተረት፣ ከተማዋ በአንድ ሰፈር ስም ላይ ያልተመለሰ ጩኸት ጽፋ መኖሯ ራሱ ይናገራል። ሰንጢ ኪስ ውስጥ የገባው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ልጁ ሰንጢ የሚገዛው የብረት ፍቅር ይዞት አይደለም፤ ቢጮህ ማንም እንደማይወጣ ስለሚያምን ነው። ጎረቤቱ በፎቅ ላይ ነው፤ ስሙን አያውቀውም። የግቢው በር የብረት ነው፤ ዘበኛው በሬዲዮ ኳስ እየሰማ ነው። የመንገዱ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ጋሻ ጃግሬ የለውም፤ አፈርሳታ የለውም። ያለው አሥር ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ብረት ነው። ያቺም ለመከፈት የማይንቀጠቀጡ ሁለት እጆች ትጠይቃለች።

ጎህ ሲቀድ ከየካ በላይ ወዳለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚወጡትን እንጨት ለቃሚ ሴቶች የሚያውቅ ያውቃቸዋል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን ካለበሰ ጊዜ ጀምሮ የከተማዋን ምድጃ በጀርባቸው የተሸከሙ ናቸው፤ ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። በዚያ ጫካ ከጥበቃም፣ ከወንበዴም፣ ከአስገድዶ ደፋሪም ያልደረሰባቸው የለም። በእጃቸው ማጭድ አለ፤ አንዳንዷ ፋስ ይዛለች። የማይታጠፍ፣ የተሳለ፣ ዕለት ዕለት የሚሠሩበት፣ እጃቸው በጨለማ የሚያውቀው ስለት። በዚህ ከተማ ስለት ለመምዘዝ ከእነሱ የተሻለ የተዘጋጀ ሰው የለም።

ሲወጡ ግን ተጠራርተው ነው የሚወጡት። ከጫካው ሲወርዱም ተከታትለው በአንድ መስመር ይወርዳሉ፤ የፊተኛዋ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ቆም ትላለች፣ ወደ ኋላ ዞራም ስም እየጠራች ትቆጥራለች።